አማቴና የጀልባዋ ሞተር

ሚያዝያ 4
ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ሐይቁ ዛሬ መስታወት ነው። አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ወሬያቸው ከሐይቁ ጋር ነው። ከእኔ ጋር "ጨው በዛ"፣ "በሩን ዝጊው"... በቃ። ባሌ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶችና አንድ ዝምታ።

ምሳ ላይ ድንገት፣ "ጀልባዋን ለምን አናወጣትም?" አሉ። ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። የባሌ አባት ከሞቱ ወዲህ ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ተኝታለች።
"ማን ይነዳታል?"
"አንቺ ነሻ!"
እኔ? ዋና የማልችለው? ገላዬን ስታጠብ እንኳ ዓይኔን በውሃ ፊት የማልጨፍነው?

ሚያዝያ 6
ሸራውን ገለጥኩ። ድር፣ የደረቀ ቅጠል፣ የቆየ ቤንዚን ሽታ።
"እሱ ሞተሩን አያስነካኝም ነበር" አሉ አማቴ ከኋላዬ፣ ስለ ሟች ባላቸው። "ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ተጎልቼ... እንደ ሻንጣ።"
ሳቄ አመለጠኝ። ኮስተር ብለው አዩኝ። ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ጥርሳቸውን መቼ ነበር ያየሁት?

ሚያዝያ 11
ሜካኒኩ መጣ። ስለ ሞተር ሲያወራ በሽተኛ አጠገብ እንዳለ ሐኪም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አሮጌውን ቤንዚን ጄሪካን ውስጥ አንቆረቆረው። "ቤንዚን እንደ ወተት ነው እህቴ፣ ሲቆይ ይበላሻል።" ካንዴላ ቀየረ፣ ዘይት ቀየረ። ከዚያ ሞተሯን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ አስነሳት። ከጎኗ ቀጭን ውሃ ፊን አለ።
"ይቺን እዪያት። ሽንቷ ናት። ካልሸናች ውሃው አልዞረባትም ማለት ነው። ቶሎ አጥፊያት፣ ትቃጠላለች።"
"እንደ ሰው ናት በለኛ" አሉ አማቴ።
"ከሰው ትሻላለች እናቴ። ስትታመም አትደብቅም።"
መጨረሻ ላይ ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ ሰጠኝ። አንዱ ጫፍ ሞተሯ ላይ፣ ሌላው የሚነዳው ሰው እጅ ላይ። "ከወደቅሽ ይነቀልና ሞተሯ ቀጥ ትላለች። ካላሰርሽው ጀልባዋ ትታሽ ትሄዳለች... ወይ ዞራ ትመጣብሻለች።"
ዞራ ትመጣብሻለች! ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሚያዝያ 19
ጠብ ተነሳ። ከመስመጥ በሚያድነው ጃኬት።
"ይሄን ብርቱካንማ ነገር ለብሼ ሰው ፊት? ዱባ ልምሰል?"
"ካልለበሱ ንቅንቅ አልልም።"
"ግትር!" አሉና ለበሱ። ዘለበቱን ስቆልፍላቸው ትከሻቸው እጄ ውስጥ አነሰብኝ።
ውሃው ላይ ወርደን የማስነሻውን ገመድ ሳብኩ። ሳብኩ... ምንም። "የቤንዚን ታንኩን አየር ማስገቢያ አልከፈትሽም" አሉ ከፊት፣ ዞር እንኳ ሳይሉ። እንዴት አወቁ? "ዓይን አለኝ አይደል!" ከፈትኩት። ተነሳች።
ሰማዩ ከታችም ከላይም ነበር። በደመና ላይ የምንሄድ መሰለኝ። ፈራሁ? ፈራሁ። ግን ደግሞ...

ግንቦት 8
ሸንበቆው ጋ ደረስን። ከታች የሚሽከረከረው ማራገቢያዋ ሣር እንዳይጠመጥም ሞተሯን አጥፍቼ ወደ ላይ አነሳኋት። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! አንዲት ነጭ ወፍ በአንድ እግሯ ቆማ ተኝታለች።
"እዚህ ሲደርስ ያንቀላፋ ነበር" አሉ አማቴ ስለ ባላቸው። "እኔም እንዳይነቃ ዝም። ስንት ነገር ሳልናገር ቀረ መሰለሽ።"
"ምን ሊሉ ነበር?"
ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። "አንድ ጊዜ ልንዳት... ብቻ።"

ግንቦት 21
በግራ እጄ ነው የምጽፈው።
ሻርፕ ላቀብላቸው ብድግ አልኩ። ብድግ አይባልም፤ አውቃለሁ። አንድ ትልቅ ጀልባ አልፎ ኖሮ ማዕበሉ ከጎን መጣ። የቀኝ እጄ አንጓ ከጀልባዋ ጠርዝ ተጋጨ። ከዚያ አረንጓዴ... ቀዝቃዛ፣ አረንጓዴ ጸጥታ። "ይሄው ነው እንዴ?" ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ወዲያው ጃኬቱ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው ብብቴን ይዞ ወደ ላይ አወጣኝ። ሞተሯ ጭጭ ብላለች። ቀዩ ገመድ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል።
አማቴ ቆመዋል!
"ይቀመጡ!" ብዬ ጮህኩ። ውሃ ውስጥ ሆኜ እኔ እሳቸውን ስቆጣ! ተቀመጡ። መቅዘፊያውን ዘረጉልኝ። "ያዢ! ልጄ፣ ጠበቅ አርገሽ ያዢ!"
ልጄ?
እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጀልባዋ ወለል ላይ እንደ ዓሣ ተዘርሬ ሳስል ነው ያወቅኩት። አንጓዬ አብጧል፣ ገመድ የሚስብ እጅ የለኝም። ተያየን። የሐይቁ ዳር ሩቅ ነው።
"ቀዩን ወዲህ በይው" አሉ።
እጃቸው ላይ አሰሩት። ሳቡ። ዝም። "ነይ እሜቴ፣ ነይ፣ አታሳፍሪኝ..." ሳቡ። ተነሳች! ወደ ጎን ጎንበስ ብለው አዩ። "ሸንታለች!" ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።
በዝግታ ነዱ። አገጫቸውን ቀና አድርገው። እኔ ከፊት፣ እየተንቀጠቀጥኩ። እንደ ሻንጣ።

ሰኔ 2
አንጓዬ ዳነ። መሪውን የሚመልስልኝ ግን የለም።

ሰኔ 17
ባሌ ትናንት መጣ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ቤቱን ነው ግራ ገብቶት ያየው፤ ወንበር ላይ ጃኬቶች፣ ጠረጴዛ ላይ ካንዴላ፣ እኔና እናቱ አፍ ለአፍ ገጥመን የምናወራ። "ምን ሆናችሁ ነው?" አለ። ምን ብለን እንንገረው? ከየት እንጀምር?
ዛሬ ጠዋት እሱ ሳይነሳ ወጣን። ሸንበቆው ጋ አማቴ ሞተሯን አጠፉልኝ። ጃኬቴን እንደለበስኩ ቀስ ብዬ ከጀልባዋ ወረድኩ፤ ራሴ፣ ማንም ሳይገፋኝ። ጠርዙን ያዝኩ። ለቀቅኩት። በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓለም ራቀ... ደመናው አንድ ባንድ በላዬ አለፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ።
ከዳር ባሌ እየተጣራ ነው። እናቱን ይሁን እኔን አልለየሁም።
"እንመለስ?" አልኩ።
አማቴ እግራቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል።
"ይጠብቅ" አሉ። "ገና መምጣታችን ነው።"