ከጾሙ በፊት ወይስ በኋላ

አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለየምስራች፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ከዚህ ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ነበር የሚጻፈው። ለእናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲያ እያልኩ ጽፌያለሁ፤ ስታመምም፣ ሥራ ሳጣም፣ አባትሽን የቀበርን ሰሞንም። ዛሬ ግን ያቺን መስመር ዘልያታለሁ። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

ስልክ አታነሺም። ቴክስት ሳደርግልሽ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ቢዚ ነኝ» ትይኛለሽ። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስቆጥርሽ «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» እያልሽ ታለቅሺ ነበር። ይኸው፣ ለዚህ ነበር።

የሚዙሪውን የአከርካሪ ሕክምና ትምህርት እንደተውሽ አውቃለሁ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ዶክተር ሶፎንያስ ነው የነገረኝ። በሚመጣው ሰመር እሱ ክሊኒክ ለልምምድ ልትመጪ ነበርና፣ የተማሪዎቹ ዝርዝር ሲላክለት ስምሽን አጣው። ዌርሀውስ ዕቃ እንደምትጭኚ ደግሞ አብራሽ የምትኖረው ሂክማ ስደውልላት አመለጣት። አትቀየሚያት፤ እኔ ነኝ ያፋጠጥኳት። ለምን እንደተውሽውም አውቃለሁ። ሐምሌ ላይ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ ከላያችን ፎቅ ለምትኖረው ጎረቤታችን ለታደለች ኮሪደሩ ላይ «እናቴን የሰበርኳት እኔ ነኝ» ስትያት በሩ ክፍት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሁሉም «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ብለው ነበር የሚጀምሩት። አንዱን ለዶክተር ሶፎንያስ አነበብኩለት። ሰማኝና፣ «እትዬ የሻሽ፣ ምንም አላጠፋሽም የተባለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጥፋቱን ሲፈልግ ይኖራል። የቱ ጋ እንደሆነ ለክተው ይንገሯት» አለኝ። በጣም ተናደድኩበት። ቤት ገብቼም ብቻዬን ስሰድበው አመሸሁ። ሲያድር ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ፣ በባስና በሜትሮ እየተንገላታሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የምሄደው ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺ የምትማሪውን ልወቅ ብዬ ነው። ታደለች «ልጅሽ ለወጌሻነት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የምትማረው?» እያለች ስታበግነኝ የምመልስላት አልነበረኝም። እዚያ ዶክተር ሶፎንያስ ለሚያለማምዳቸው ተማሪዎች ታማሚ ሆኜ እተውናለሁ። ወረቀት ይሰጠኛል፤ አንድ ቀን ካርቶን ስታነሳ ወገቧን የያዛት ሴት እሆናለሁ፣ ሌላ ቀን አንገቷ አልዞር ያላት። ከወረቀቱ ግርጌ ግን ሁልጊዜ አንድ ትእዛዝ አለ፦ ካልጠየቁሽ አትናገሪ፤ ከጠየቁሽ እውነቱን መልሺ። ልጆቹ ጀርባዬን ከመንካታቸው በፊት ነገሩን በጥያቄ ፈልፍለው ማውጣት አለባቸው።

ሲጨርሱ ዶክተር ሶፎንያስ ያፋጥጣቸዋል። ምን አሰብክ? ለምን አሰብክ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? ካሰብከው ጋር ያልገጠመልህ የቱ ነው? «እጅ ቶሎ ይለምዳል፤ ጭንቅላት ነው የሚያስቸግረኝ» ይለኛል። አንድ ቀን በአማርኛ ምን አለኝ መሰለሽ፦ «መጀመሪያ የሚመጣላቸው መልስ እንደ መጀመሪያ ቀን ሽማግሌ ነው። ደህና፣ ተመልሳችሁ ኑ ይባላል እንጂ በዚያው ቀን ልጅ አይሰጠውም። እነዚህ ግን ወዲያው ይድሩለታል።» ስቄ ልሞት ነበር።

ከታማሚዎቹ ሁሉ አስቸጋሪዋ እኔ ነበርኩ። «ከእትዬ የሻሽ ወሬ ያወጣ ተማሪ ፈተናውን አለፈ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እኮራ ነበር።

አሁን ወደ መጋቢት ልመልስሽ። ለስፕሪንግ ብሬክ ዕረፍት መጣሽ። ወገቤን እንደሚያመኝ ታደለች ነግራሻለች። ያቺን ታጣፊ አልጋ ከመኪናሽ አውርደሽ ሳሎን ዘረጋሻት፣ የታማሚ መጠየቂያ ቅጽሽን አወጣሽ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ፊት ለፊቴ ተቀመጥሽ። ሳቄ መጣ። ደስታዬ ግን ከሳቄ ይብስ ነበር።

«እማዬ፣ ዌይት ሉዝ አድርገሻል? ከስተሻል?» አልሽኝ።

«ጾም ነው» አልኩሽ። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

«ኦ፣ ራይት፣ ጾም» ብለሽ ጻፍሽ። «ማታስ ስትተኚ ያምሻል?»

«ኧረ እኔ ከተኛሁ በድን ነኝ።»

«ሌላ የሚያምሽ ነገርስ? እኒቲንግ?»

«ምንም፣ ተመስገን።»

ሦስቱም ውሸት ነው ልጄ። ቀሚሴ የሰፋኝ ከጥምቀት በፊት ነው። ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር የማነጋው። ግራ ጡቴ ላይ ያለውን እብጠት ደግሞ ለገና ገላዬን ስታጠብ ነው ያገኘሁት። ባቄላ ያክል ነበር። አንቺ ፊቴ ተቀምጠሽ ስትጠይቂኝ ባቄላ መሆኑ ቀርቶ ነበር፣ እኔም አውቀው ነበር።

ለምን ደበቅሽኝ ብትይ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። የቦርድ ፈተናሽ ደርሶ ነበር። ብነግርሽ ሁሉን ጥለሽ ትመጪያለሽ። ጡት ደግሞ ከልጅ ጋር የሚወራ ነገር አይደለም፣ እኔና እናቴ ስለ ጡት አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም። ፈርቼ ነው። ስም ካልወጣለት የለም ብዬ ነው።

ከዚያ ጀርባዬን ዳበስሽ፣ ተጫንሽው፣ ቀጭ አለ። «ተሻለሽ?» ስትይኝ «ወፍ ሆንኩ!» አልኩሽ። አልተሻለኝም ነበር። እጅሽ ግን ሞቃት ነበር፤ እኔን አስተኝተሽ ስትዳብሺኝ በሕይወትሽ የመጀመሪያ ቀን ነው። አሁንም ቢሆን ያን ቀን ባልነበረ አልልም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሐምሌ ላይ ሥራ ቦታ፣ የአረጋውያኑ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ የሾርባ ድስት ሳነሳ አከርካሪዬ ተሰብሮ ወደቅኩ። የጡት ካንሰር መሆኑንና ወደ አከርካሪዬ መውረዱን በአንድ ቀን ሰማን። አንቺም መጣሽ፣ የራጁን ፊልም አየሽ፣ ቅጽሽ ትዝ አለሽ። ነሐሴ ላይ ተመለስሽና በዚያው ጠፋሽ።

ባለፈው ወር ለዶክተር ሶፎንያስ «የራሴን ታሪክ ለልጆቹ ልተውነው» አልኩት።

«እትዬ የሻሽ፣ ይከብድዎታል» አለኝ።

«የሚከብደኝማ ተሸክሜዋለሁ» አልኩት።

ታደለች መኪናዋን በትራስ ሞልታ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወሰደችኝ። ጸጉሬ ስለረገፈ የእሷን ዊግ አደረግኩ፤ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ወረቀቱን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ወሩ መጋቢት ነው፣ ሴትዮዋ ወገቧን ያማታል፣ ኪሎ ቀንሳለች፣ ጾም ይዛለች። ካልጠየቁሽ አትናገሪ።

ስድስት ተማሪ በየተራ ገባ። አምስቱ «ጾም ነው» ስላቸው አመኑኝ። እንዲያውም አንዷ ልጅ የባህል ጾም ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት፤ ባህሌን ስላከበረች ደስ ብሏት ወጣች። ምን ልበላት? ስድስተኛው ኖህ የሚባል፣ ቤልትስቪል ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ ነበር የሚጠይቀኝ። «ጾም ነው» ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። ቀበቶዬን አየ፤ በመቀስ ጫፍ የበሳሁትን አዲስ ቀዳዳ ማለቴ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣

«እማማ፣ ሶሪ፣ የኔም እናት ትጾማለች። ባት በሦስት ዊክ እንዲህ አትከሳም። ቀሚስዎ ሉዝ የሆነው፣ የሰፋዎት፣ ከጾሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለኝ።

ደንቡ ከጠየቁሽ መልሺ ነው። «ከጾሙ በፊት» አልኩት።

«ያልነገሩኝ ሌላ ነገር አለ?»

«አለ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን በወጉ መናገር አልቻልኩም። «ልጄ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት» እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ይሄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ልጁ ደንግጦ እጄን ያዘኝ። ዶክተር ሶፎንያስ ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ ብዙ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

ስለዚህ ጥፋትሽን ለክቼ ልንገርሽ። ያለ አስተማሪ ሳሎን ውስጥ ሰው ማከም አልነበረብሽም፤ እኔ አላውቅም ነበር፣ አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ጾም የሚለውን መልስ ደግሞ እንደ መጀመሪያ ቀን ሽማግሌ ተመለስ ማለት ሲገባሽ ልጅሽን ዳርሽለት። የጾመኛ ቤት ልጅ ስለሆንሽ ቶሎ ገባሽ፤ ባዕድ ብሆን ኖሮ ሚዛን ላይ ታወጪኝ ነበር። አንዲት ጥያቄ ቀረች። በቃ፣ ይኸው ነው። ብትጠይቂኝስ እውነቱን እነግርሽ ነበር ወይ? እኔ እንጃ። እዚህ ላይ ለራሴ መማል አልችልም።

የካንሰር ሐኪሜንም ሳላፍር ጠይቄያታለሁ። ስብራቱ የሐምሌ ነው፣ የልጅሽ እጅ አይደለም ብላኛለች። ካንሰሩ ግን በመጋቢት አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያኔ ቢታወቅ ብዙ ስቃይ ይቀርልኝ ነበር፣ ምናልባትም ባልወደቅኩ። ይድን ነበር ወይ ስላት አይድንም ነበር አለች። ይሄንንም ያንንም ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልሽ።

እንግዲህ የራስሽን ምርመራ ተመልከቺው። «እናቴን የሰበርኳት እኔ ነኝ።» መጀመሪያ የመጣልሽ መልስ ነው። ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳታስቢ፣ ያልገጠመውን ሳታዪ፣ ቅጹን ዘግተሽ ሚዙሪ ተቀመጥሽ። ዶክተር ሶፎንያስ ቢሆን ዜሮ ይሰጥሽ ነበር። እሱ ቦታሽን ለሌላ አልሰጠብሽም። ጥር ላይ ብትመዘገቢ ሰመር ላይ ይቀበልሻል። «አምስቱን አስተምሬ ሁለተኛዋን ጥያቄ የማስለምዳቸው በስንት መከራ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ግን ከእንግዲህ ሳትጠይቃት የምታድር አይመስለኝም» አለኝ። አንቺ የምትጠይቂያት የሌላ ሰው እናት አለች። የት እንዳለች አላውቅም፤ እሷም እንደኔ ተመስገን እያለች ነው።

ያ ቅጽ አልጠፋም። ትተሽው በሄድሽው በታጣፊ አልጋሽ ማሕደር ኪስ ውስጥ ነበር። መልሶቼን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ኪሎ፦ አዎ፣ ከጾሙ በፊት። ማታ፦ አዎ፣ ያመኛል። ሌላ የሚያም ነገር፦ አዎ። ከግርጌ በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ «እፈራለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ መስመር አጣሁ።

መጨረሻ ላይ «አትምጪ፣ ትምህርትሽ ይበልጣል፣ እኔ በርትቻለሁ» ልልሽ ነበር። እሱም ያው የለመድኩት ውሸት ነው። ነይልኝ። ለገና ነይ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ገናን ማመን ፈራሁና ቀረብ ያለውን መረጥኩ፣ ኅዳር 18 ለታንክስጊቪንግ ነይ። ደግሞ ከቻልሽ ሁለት ቀን ቅደሚ። ማክሰኞ ኅዳር 16 ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አለኝ። እስካሁን ያልጠየቅኳት አንድ ጥያቄ አለ። ደግ ሴት ናት፤ ካልጠየቅኳት አትናገርም። በየቀጠሮው አፌ ድረስ ይመጣና ስለ መድኃኒቱ ጠይቄያት እወጣለሁ።

የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ሳልጽፈው ይገባሻል። አንቺ ጠይቂልኝ። እጅሽን ይዤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ የምትለውን አብረን እንሰማለን።

አምላክ እጅሽን እንዳሞቀው ያቆይልኝ። የሰው ሕመም የማያስበረግግሽ፣ ጥያቄ የማትፈሪ ያድርግሽ። መንገዱን የሰላም ያድርግልሽ።

ዛሬ ደህና ያልሆነችው እናትሽ፣
የሻሽወርቅ