የእንጨቱ እንቁላል

ከአልባኒያ፣ ዛድሪማ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለድራንዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ያጉረመርማል፤ ከአያትሽ ከፕሬንዴ ግን አይብስም።

በየፋሲካው የማን ሳይሰበር ይቀራል ብለን እንቁላል ስናጋጭ ሁላችሁንም የማሸንፈው ቀይ በተቀባ የእንጨት እንቁላል ነበር። ይኸው ተናዘዝኩ! ዘንድሮ በእውነተኛው ብሞክር ፕሬንዴ ሰበረችብኝ። «ምነው ሽማግሌው፣ ማጭበርበሩም ሰለቸህ?» አለችኝ።

መነኩሲቷ ሲስተር ኦርሶላ ከጣሊያን ጽፈውልኛል። ከሸጡሽ ሰዎች አምልጠሽ መነኮሳቱ ቤት ከገባሽ ወዲህ፣ በርሽን በወንበር ደግፈሽ ነው አሉ የምትተኚው። ደብዳቤዬን ሲያነቡልሽም ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ። አዙሪ ልጄ፤ የኔ ፊት ድሮም አያምርም። እዚህ ቤት ላለው ክፍልሽ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ሠርቼልሻለሁ።

ያ «ላግባት» ብሎ መጥቶ ጣሊያን የወሰደሽ ሰው ከኔ ጋር አረቄ የጠጣበት ብርጭቆ ተሰበረ። ሳጥበው አመለጠኝ። ፕሬንዴ ግን፣ «ግድግዳው ላይ ነው እንዴ ያጠብከው?» ትለኛለች።

የእንጨቱን እንቁላል ልኬልሻለሁ። ለመጪው ፋሲካ ይዘሽው ነይና የኔን ስበሪ፤ እኔ እውነተኛውን ይዤ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።

ለሲስተሮቹ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። የዚህን መልስ ግን አንቺው ጻፊልኝ፤ አንድ ቃል ትበቃኛለች፣ ስድብም ብትሆን።

ናፋቂሽ አያትሽ
ጄሎሽ