የጄኔራሉ ልጆችና የእንቅልፋሙ ልጆች

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለላሟ ጡት አዋልሽው? ሰዉም፣ ከብቱም፣ ጎረቤቱም ደህና ነው ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከመኖ መጋዘኑ በላይ ያለችው ክፍሌም ደህና ናት፤ ፉርሽካ ፉርሽካ ትሸታለች እንጂ አትከፋም። ልብሴን አንቺ ብታጥቢው ዶሮዎችሽ ከኋላሽ አይጠፉም ነበር።

አባዬ ባለፈው ሳምንት እዚህ ማድለቢያው ድረስ መጥቶ እንደተመለሰ ታውቂያለሽ። ምን እንዳወራሽ ግን እንጃ። እኔ እንደማውቀው ከሆነ "ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች" ብሎሽ ኮቱን ሰቅሎ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

ወይፈኖቻችን ከመኪና ሲወርዱ ሚዛኑ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ለማድለቢያው ባለቤት አስቀድሜ አፌን ሞልቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ የአባቴ ከብቶች ናቸው፣ የሁሉም አባት አንድ ነው፣ እሱም ወንዝ ዳር የተገናኘውን ኮርማ ሁሉ ያሸነፈው ጄኔራሉ ነው ብዬ። አባዬ ላሞቼን ከጄኔራሉ ሌላ ኮርማ አይነካቸውም እያለ ሲምል አይደል ያደግሁት? መጀመሪያ የወረዱት ረዣዥም፣ ቀንዳም፣ ዓይናቸው የማያርፍ ነበሩ። ቁርጥ ጄኔራሉን። ቀጥለው የወረዱት ግን አጠር ያሉ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጆሯቸው ወደታች የተንጠለጠለ ናቸው። እማዬ፣ እንደዚያ ያለ ጆሮ ያለው ኮርማ በአካባቢያችን አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤታችን የሸማኔው ኮርማ። ያ አባዬ "እንቅልፋሙ" ብሎ ስም ያወጣለት፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ዛሬስ ነቃ?" እያለ ሸማኔውን የሚያበሽቅበት። ክብደታቸውን መዝግቤ አሳለፍኳቸው። ያኔ አልጠየቅሁሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም።

እሳት አመድ ወለደ ይባል የለ? ጄኔራሉ ግን የወለደው እሳት እሳቱን ነው፤ ችግሩም እሱ ሆነ። ጠባይ እንደ ቀለም ከአባት ይወርዳል። ልጆቹ ሰው ባለፈ ቁጥር ከገንዳው ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ መኪና ጥሩምባ ከነፋ መኖውን ትተው አጥር ለአጥር ይሮጣሉ፤ ሲረጋጉ ደግሞ እርስ በርስ ይዋጋሉ። የበሉትን በእግራቸው ይጨርሱታል። የተረፋቸውም ቁመትና አጥንት ይሆናል እንጂ ጀርባቸው ላይ ሥጋ አይቀመጥም። እነዚያኞቹ አንዴ ራሳቸውን ገንዳ ውስጥ ከከተቱ ጣራው ቢወድቅ ቀና አይሉም። በልተው ይተኛሉ፣ ተኝተው ያመሰኳሉ፣ ተነስተው ደግሞ ይበላሉ። በሚዛን ቀን ክብደታቸውን ጮክ ብዬ ሳነብ ባለቤቱ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ራሳቸው ወጡበት። ሚዛኑ ደህና ነበር፤ የራሳቸውን ክብደት ሲሰሙ ግን እስከ ማታ አልሳቁም።

በሌላው ሚዛን ቀንም ነገሩ ያው ሲሆን ጠሩኝ። የረዣዥሞቹን ዓይነት ከእንግዲህ አልቀበልም፣ የወንድሜም ቢሆን አልቀበልም አሉ። የነዚህን ዓይነት ግን ያላችሁን ሁሉ አምጡ፤ እንዲያውም ኮርማውን ተከራይቼ፣ ከብት የሚያቀርቡልኝን ሰዎች ላሞች ሁሉ ማስጠቃት እፈልጋለሁ አሉ። ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። አባታቸው አንድ ነው ብለሽኝ አልነበር? በይ አባትሽ ይምጣና ኮርማውን ያከራየኝ አሉ።

 አባዬ ደስ ብሎት ጄኔራሉን ቢያከራይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግቢው በሙሉ በሯጭ ሊሞላ ነው፤ የቤታችን ስም አብሮ ይወድቃል፣ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ። እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ አንቺን አባዬ ፊት አሳጣሻለሁ። በጄኔራሉ ሲመጡበት እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እኛ ልጆቹ ግድግዳው ላይ ፎቶ የለንም፤ ጄኔራሉ አለው።

አባዬ መጣ፤ ኮቱ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል። ባለቤቱ ግቢውን እያዞሩ ያሳዩት ጀመር፤ እኔ ከኋላ። መጀመሪያ የጄኔራሉ ልጆች ጋ ቆመ። ሁሉም ከገንዳው ቀና ብለው አፈጠጡበት፤ አንዱ የብረት በሩን በቀንዱ መታው። የአባዬ ፊት በራ። ወንድ ናቸው አለ። ባለቤቱም "ወንድነታቸውን ማን ይበላዋል?" አሉት።

ከዚያ እነዚያኞቹ ጋ ደረስን። አባዬ የአንዱ ጀርባ ላይ እጁን አሳረፈ። ወይፈኑ ማኘኩን አላቆመም። ከትከሻው እስከ ጭኑ በመዳፉ ዳበሰው፣ ጆሮውን ያዝ አድርጎ አየው፣ ለቀቀው። ባለቤቱ የዚህን አባት ነው የምፈልገው፣ የቱ ነው አሉት።

እማዬ፣ እንደሰማሁት ነው የምጽፍልሽ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና "ኮርማ የምትመርጠው ባለቤቴ ናት። እኔ ስም ነው የማወጣው" አለ።

ባለቤቱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በሚመጣው ወር ቤት ድረስ እንዲመጡ፣ ከሸማኔውም ጋር አንቺ እንደምታገናኛቸው ነገራቸው። ስለዚህ እንግዳ ይመጣብሻልና ተዘጋጂ። ሰውዬው ሲናገሩ ያስፈራሉ እንጂ ልባቸው ደግ ነው። ላሞቹን በረት ውስጥ ሳይሆን ሲግጡ አሳዪያቸው። የትኛዋ ለየትኛው ኮርማ እንደምትሆን ስታስቢ የምታዪውን ሁሉ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ሸማኔውንም ቀድመሽ አዘጋጂው፤ የዓመታት ብሽቀቱን አባዬ ላይ በአንድ ቀን እንዳይወጣው አደራ። ለጄኔራሉ አትዘኚ፤ እሱን የሚሸጠው የለም።

በአንቺ ኮርቻለሁ እማዬ። የነዚያን ወይፈኖች ክብደት ባነበብኩ ቁጥር ከቁጥሩ በኋላ ስምሽን መጥራት ያምረኝ ነበር።

አባዬን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ጠራኝና ለእናትሽ ስትጽፊ በያት አለኝ፤ "ላም ኮርማ ፈልጋ በጮኸች ቁጥር ዱላዬን ይዤ ገበያ መውረድ ደክሞኛል። ከእንግዲህ ቤቴ ልቀመጥ።" ገበያ ወርዶ ምን ይገዛ እንደነበር ጠየቅሁት።

"ምንም" አለኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ በረትሽ አይጉደል፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። አባዬን ሳሚልኝ፤ የእኔን ድርሻ ብቻ አይደለም።

ከሚዛኑ አጠገብ የምትናፍቅሽ
ልጅሽ