በስምሽ የተመዘገበው ጥሪ

ለዶርም ጓደኛዬ፣

አሰላሙ ዐለይኪ! ድሮ እንዲህ ስልሽ ትስቂ ነበር። ጤናሽ እንዴት ነው? ትንሽ ሲበርድ ጉንፋን የሚይዝሽ ልጅ፣ በዚህ በሽታ ዘመን እንዴት ሆና ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ተቀይሜሽም አስባለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሮቤ እንደምታውቂያት ክረምት ሲገባ ጭቃ ብቻ ናት። እማዬ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ሰላም ናት። ለምን መደወል እንደተውሽ ስትጠይቀኝ ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማልችል ነው። ዛሬም ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የበሽታው ጥሪ መቀበያ ቢሯችን ከቤት ሥሩ ብሎ ሲበትነን አንቺ አዲስ አበባ ቀረሽ፣ እኔ እማዬ ዘንድ መጣሁ። አልጋዬና የስንዴው ጆንያ መሀል ጠረጴዛ አስገብቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሽ አጠረኝ የሚሉ ሰዎችን ቀኑን ሙሉ ሳነጋግር እዋላለሁ። እማዬ ደግሞ በሩን ከፍታ እንግዳ መጥቷል፣ ወሬሽን ተይና ውጪ ሰላም በዪ ትለኛለች። ቢሮ ሳለን ከከባድ ጥሪ በኋላ ኮሪደር ላይ ወጥተን ተነፈስ እንል ነበር። እዚህ ያ ሁሉ ለቅሶ ከምተኛበት ክፍል አልወጣ አለኝ።

ማታ ማታ እንደዋወል፣ የከበደንን እናራግፈው ያልሽው አንቺ ነሽ። ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ ወጣ ብለሽ ተራመጂ አልሽኝ። አደረግኩት፤ እውነቱን ለመናገር ረድቶኛል። ለእናቴ ያልነገርኩትንም ለአንቺ ነገርኩሽ። ስልኩ ሲጠራ አንዳንዴ ግድግዳውን እያየሁ እንደምቀር፣ እያበድኩ መሰለኝ ብዬ ነገርኩሽ። አብረሽኝ አለቀስሽ።

ከዚያ እዚህ ኢንተርኔት ጠፋ። ጥሪው በተራ ስልክ ይመጣልኛል፤ የተቀበልኩትን ሲስተሙ ላይ ማስገባት ግን አልቻልኩም። አታስቢ፣ ንገሪኝና እኔ አስገባልሻለሁ አልሽኝ። በየቀኑ እየደወልኩ ነገርኩሽ።

የገሰራዋን ሞሚናን መቼም አትረሻትም። ባሏ ረዲ ትንፋሽ አጥሮት፣ ጎረቤቱ በሽታውን ፈርቶ ደጃቸው አልደርስ ብሎ፣ ብቻዋን ይዛው ተቀምጣ ነበር የደወለችው። በኦሮምኛ እያረጋጋኋት፣ ቀና አድርጊው፣ መስኮቱን ክፈቺ እያልኳት፣ በእማዬ ስልክ ደግሞ የአምቡላንስ ሹፌር ስፈልግ፣ መኪናው ደጃፏ እስኪቆም መስመሩን አልዘጋሁም። ጎባ ሆስፒታል አደረሱት። ያን ሁሉ አንድ በአንድ ስነግርሽ፣ ቀስ በዪ፣ እየጻፍኩ ነው ትይኝ ነበር።

ሰንበት ብሎ አለቃችን አቶ ኪዳነማርያም ደወለልኝ። በትህትና ነው ያናገረኝ። ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ በስሜ የገባ አንድም ጥሪ የለም አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስልኩ ሲጠራ ግድግዳ እያየሽ ትቀሪያለሽ አሉ፣ እያበድኩ መሰለኝ ማለትሽንም ሰምቻለሁ፣ ብታርፊ ይሻልሻል አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ያን ቃል ከእኔ አፍ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። ደጋግሜ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ የኦሮምኛው መስመር አስተባባሪ ሆንሽ ሲባል ሰማሁ። የኦሮምኛው! በዕረፍት እኛ ቤት እየመጣሽ፣ ከእማዬ ጋር ሽንኩርት እየላጥሽ፣ እሷ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እያለችሽ የለመድሽው ኦሮምኛ። የእኔን ጥሪ በስምሽ ማስገባትሽ አይደለም ያቃጠለኝ፤ እሱን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። እንባዬን ወስደሽ ለአለቃ መንገርሽ ነው።

ከሥራው ከወጣሁ ወዲህ አክስቴ መሪየም ሱቅ ነው የምውለው። ገዢ ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ ሰጥቼው ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ በሲናና መንገድ እራመዳለሁ። እንቅልፍ ተመልሶልኛል።

ባለፈው ሳምንት ግን አቶ ኪዳነማርያም እንደገና ደወለ። ረዲ ተሽሎት ቤቱ ገብቷል። ሞሚና ልታመሰግን ብትደውል፣ በመዝገቡ መሠረት ከአንቺ ጋር አገናኟት። ትንሽ እንዳናገረችሽ ይቺ አይደለችም፣ የእኔዋ የባሌ ልጅ ናት፣ ድምጿን አውቀዋለሁ ብላ አስቸገረች አለኝ። ግራ ገብቶታል። በዚህ በጭንቅ ጊዜ ሰው ከሥራ ማባረር እንደማይወድ፣ እውነት ከሆነ ግን ዝም እንደማይል ነገረኝና፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ያን ቀን ያነጋገርሻት አንቺ ነሽ ወይ? አለኝ።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ለአንቺ የምትልከውን በሶ በፌስታል ትቋጥር ነበር። ማነው? አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አልጽፍልሽም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ዛሬም አስተባባሪ ከሆንሽ ይገባሻል። ከሆንሽ ደግሞ፣ ከሥርሽ ያሉት ልጆች ሲከብዳቸው የሚነግሩት ለአንቺ ነው። አደራሽን፣ የነገሩሽ እዚያው አንቺ ጋ ይቅር።

በሶው ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል። የተፈጨው ከዘንድሮ ገብስ ነው፤ እማዬም መርቃ ነው የላከችልሽ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ከዚህ ክፉ ጊዜም በሰላም ያውጣሽ። ለእማዬ ደውዪላት፤ ከእሷ ጋር የተጣላችሁት ነገር የለም። ከእኔ ጋር ግን አገናኚኝ አትበያት።

ጓደኛሽ የነበርኩት
ከሮቤ