በወንድሜ ልክ የተሠራው ጠመንጃ በስሜ እንዳይመዘገብ

ኦክቶበር 11 ቀን 1968
ለአውራጃው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ፌርላኽ

ጉዳዩ፦ አባቴ በስሜ ያመለከቱበትን የአደን ጠመንጃ ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፣

ይህን የምጽፈው አባቴ ሳያውቁ ነው። መጻፍ ይገባኝ እንደሆነም እርግጠኛ አይደለሁም።

1. አባቴ ማቲያስ ላምፕሬክት የጠመንጃ ሰደፍ ሠሪ ናቸው። ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ፣ ጥይት በእጅ እየተጎረሰላቸው የሚተኮሱ አሮጌ ማውዘር ጠመንጃዎችን ገዝተው ለአደን ያበጃሉ። የወደዷቸውን አይሸጡም፤ በፈቃድ ሰብስበው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋቸዋል።

2. ለወንድሜ ለኮርቢኒያንም አንድ ጀምረውለት ነበር። ክንዱንና አንገቱን ሲለኩት፣ "አባዬ፣ የሬሳ ሣጥን ልትሠራልኝ ነው እንዴ?" ይላቸዋል። "አንገትህን አታጣምም፣ አንተ ቀልደኛ" ይሉታል። በሙያው ልማድ፣ ሰደፉ ላይ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ የሚላገው በመጨረሻ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ፊቱን አስደግፎ። ወንድሜ ለዚያ ሳይደርስ ከገደል ወድቆ ሞተ።

3. ባለፈው ኦገስት አባቴ ጠሩኝ። "ነይ እስቲ፣ ያንቺና የእሱ ፊት አንድ ነው" አሉኝ። ጉንጬን ሰደፉ ላይ አስደገፍኩ። ትንሽ ይልጋሉ፣ እንደገና ያስደግፉኛል። ለክንዴ እንደረዘመ ብነግራቸው "ታድጊያለሽ" አሉ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አፈሙዝ ሠሪው ጎረቤታችን በበሩ ብቅ ብለው፣ "ማቲያስ፣ ይቺ እንኳን የተራራ ፍየል ልትገድል፣ ዶሮ ስታይ መንገድ ትለቃለች" ብለው ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። ልገው ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "አሁን ልክ ሆነ፣ ኮርቢ" አሉኝ። አላረምኳቸውም።

4. ከዚያ ወዲህ ጉንጬን ባስደገፍኩ ቁጥር እንጨቱ ቀድሞ ሞቆ ይጠብቀኛል። እናቴ አንድ ቀን እንዲያ ሆኜ አይታኝ፣ የያዘችውን ሾርባ መሬት አስቀምጣ ወጣች።  ወንድሜን እወደዋለሁ። እሱን መሆን ግን አልችልም።

5. ስለዚህ ጠመንጃው በስሜ እንዳይመዘገብ በትሕትና እለምናለሁ። ይወረስ ወይም አፈሙዙ ይበየድ ማለቴ አይደለም፤ አባቴን ይገድላቸዋል። እንደ ሌሎቹ በእሳቸው ስብስብ ውስጥ ተመዝግቦ ግድግዳው ላይ እንዲቀመጥ ይፈቀድላቸው።

መልስዎ ከመድረሱ በፊት፣ ነገ ቅዳሜ፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስተኩሱኝ ወደ ተራራው ይወስዱኛል። ጠመንጃውን ሲያቀብሉኝ አልቀበልም። "አባባ፣ እኔ ሮስቪታ ነኝ" እላቸዋለሁ። ድምፄ ከከዳኝም እጆቼን ኪሴ ከትቼ ፊታቸው እቆማለሁ።

ከትሑት ሰላምታዬ ጋር፣
ሮስቪታ ላምፕሬክት
(ፊርማ)