አሜባን ከቦይ ውሃ ያሳዩን መምህርት ሐይማኖት ሽፈራው

መምህርት ሐይማኖት ሽፈራው (ወለተ ሚካኤል) ከአባታቸው ከአቶ ሽፈራው ደምሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ አበጋዝ ኅዳር 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለች ቀበሌ ተወለዱ። እናታቸው በአራስ ቤት ስላረፉ ያሳደጓቸው አያታቸው ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው፤ ፀሐይ እንዳይመታት፣ ወንዝ እንዳትወርድ እያሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

በ2001 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ገና ወደ ብርዳማው ደጋ መውጫ የሆነውን ጣርማ በርን ሳያልፉ «ጋቢውን ደርበሻል?» የሚል የአያት ስልክ ይደወል ነበር። በ2004 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው እስከ ሕመማቸው ድረስ በሸዋ ሮቢት አስተማሩ።

ከመስኖ ቦይ ውሃ ቀድተው በማይክሮስኮፕ አሜባን ያሳዩ ነበር። ገላዋን ወደፊት አፍስሳ እግር እንደምታበጅ፣ በዚያው እግር ምግቧን ከብባ እንደምትውጥ፣ በአንዱ ከረጢት እንደምትፈጭ፣ ሌላው ከረጢት ትርፉን ውሃ እየተፋ ከመፈንዳት እንደሚያድናት፣ መሀል ያለው ኒውክሊየስም ሁሉን እንደሚመራ ያስረዱ ነበር። አያታቸው አንድ ቀን አይተው «ወይ ጉድ! ይህን ነው የምንጠጣው?» ቢሉ፣ «እማዬ፣ ይቺስ ምስኪን ናት። መፈራት ያለባት ሰው ሆድ የምትገባዋ ዘመዷ ናት። ውሃ መትፊያ ከረጢት እንኳ የላትም፤ እኛ ውስጥ ተመችቷት ምን ያደርግላታል? ቅርፊት ለብሳ ነው የምትመጣው፤ ውሃውን አፍሉ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ያልፈላ ውሃ አልተጠጣም።

በ2008 ዓ.ም. ከአቶ ዮናስ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኤደንን ወልደዋል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. አተኮሳቸው። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ጎረቤትም፣ ባለቤታቸውም፣ አያታቸውም ይህንኑ አሉ፤ እርሳቸውም አመኑ። የወባ መድኃኒት ተዋጠ፣ ተደገመ። ቀኝ ጎናቸውን ደግፈው ሲራመዱም «ወባው ጉበቷን ነክቶት ነው» ተባለ። ተቅማጥ ስላልነበራቸው አሜባን ያሰበ የለም። ሆስፒታል ሲደርሱ ግን ያቺ የአሜባ ዘመድ ጉበታቸው ላይ መግል ቋጥራ ተገኘች። ሐኪሞች ቢደክሙም መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በ35 ዓመታቸው ዐረፉ። ያልፈላ ሳይጠጡ በየት በኩል እንደገባችባቸው አያታቸው እስከዚህች ሰዓት ያብሰለስላሉ።

አባታቸው፣ ባለቤታቸውና አያታቸው እዚህ ቆመዋል። የሰባት ዓመቷ ኤደን የለችም። ትናንት ስላተኮሳት ጎረቤታችን እትዬ ሩቂያ ለምርመራ ይዘዋት ሄደዋል። ለቀስተኛው «እናቷን ትቅበር እንጂ፣ ወባ ነው» ቢል ቅድመ አያቷ ወይዘሮ በላይነሽ «ደሟም ሰገራዋም ሳይታይ ወባ ነው እንዳትሉኝ!» ብለው ከለከሉ።

እግዚአብሔር የእናቲቱን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ልጂቱን ይተውልን። አሜን።