የከበሮ ሠሪው ቆዳ

ይድረስ በሰው አገር ላለኸው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ ጫማ ቤቱም ሥራ አልፈታም።

ትናንት ቆዳ አቅራቢያችን ሽማግሌው መጥተው ነበር። አባዬ ሁልጊዜ አንዱን ቆዳ «ይሄንን ለከበሮ ሠሪ ስጠው!» ብሎ ሳይመልስባቸው፣ እሳቸውም «ዓይንህ ጠፍቷል!» ሳይሉት ተለያይተው አያውቁም። ትናንት ግን ቆዳውን ሁሉ አመስግኖ ተቀበላቸው።

«ምነው፣ ዛሬ አንጣላም?» አሉት።

እጃቸውን ይዞ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አላቸው።

እንደ ልጅ የአባታቸውን ስም ነገሩት። ከዚያ ቆዳውን አንድ በአንድ አገላብጠው፣ «ይሄስ የከበሮ ሠሪ ነው» አሉና አንዱን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

ለክረምት ያልከውን መምጫህን ብታስቀድመው ደስ ይለናል። አባዬ ፎቶህን ባሳየው፣ «ሸጋ ልጅ ነው፤ እግዜር ለወላጆቹ ያቆይላቸው» ብሎሃል።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ